መክሊት እናቷን ሆና የቆመች ዕለት

ሰቆጣ፣ ጥር 14 ቀን 1996 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለአልጣሽ፣ ቤሩት።

የዋግን ተራራ ያጸና አምላክ ባሕር ማዶ ያለሽውንም ያጽናሽ። እንዴት ከረምሽ? እኛ በቅዱስ ሚካኤል ጥበቃ አለን። ገብሱን ውርጭ መትቶታል፤ ንቡ ግን ቀፎውን ጥሎ ሳይሄድ ከርሟል። ልጅሽ መክሊት እኔን በቁመት ልትደርስ ምንም አልቀራት። ቅንድቧ የአባቷ የኪዳኑ ነው፤ አንዳንዴ ቀና ስትል ልጄ ከጦር ሜዳ የተመለሰ ይመስለኛል። እሱ ከሞተ በኋላም ምራቴ ብዬሽ አላውቅም፤ ልጄ ነሽ፤ ይህን ታውቂዋለሽ።

የታኅሣሥ ደብዳቤሽ ደርሷል። እንደ ልማዳችን ሳልከፍተው ከዳዊቴ ውስጥ አኑሬ፣ ከትናንት ወዲያ በሚካኤል ማኅበር ላይ ጽዋው ከተጠጣ በኋላ ተነበበ። ዓይኔ ስለደከመ የምታነበው መክሊት ናት። «ደህና ነኝ» ካልሽበት ስትደርስ ሰው ሁሉ «ተመስገን» አለ፤ ጎረቤታችን ወይዘሮ ይታየሽም እልል አለች። ኩራት ኃጢአት ቢሆንም ትንሽ ኮራሁ። በሰፈራችን በማኅበር ፊት የሚነበብ ደብዳቤ ያለው ሰው ብዙ አይደለም።

አሁን የጻፍኩልሽ ለአንድ ጉዳይ ነው። መክሊት ትምህርት ቤት ከጎጃም የመጣ መምህር ብዙነህ የሚባል ወጣት አለ። አምስተኛ ክፍሎች በሰኔ ለወላጆች ቀን የስደት መነባንብ ያቅርቡ ብሏል። ልጁ ብቻውን መድረክ ላይ ይቆምና ከቤቱ የተሰደደ አንድ ሰው ሆኖ «እኔ» እያለ ይናገራል። እኔ መጀመሪያ አልወደድኩትም። በሌላ ሰው አፍ የሚናገረው ዛር የሰፈረበት ነው ብዬ የማኅበራችንን ቄስ፣ ቄስ ምሳውን ጠየቅኋቸው። «አንተስ ዳዊት ስትደግም 'አቤቱ እኔን ስማኝ' ትል የለም? ያ 'እኔ' አንተ ነህ ወይስ ዳዊት?» አሉኝ። እኔም ፈቀድኩ።

መክሊት የመረጠችው አንቺን ነው። እንግዲህ ጻፊላት። እንዴት ሄድሽ? የት ትተኛለሽ? ምን ብለው ይጠሩሻል? ምን አሳቀሽ? መቼስ ትመጫለሽ? ብዙ አይደለም፤ ልጅ ቆማ የምትናገረው ያህል ይበቃል።

አባትሽ ደግሰው

ቤሩት፣ የካቲት 27 ቀን 1996 ዓ.ም.

ለምወድዎትና ለማከብርዎት አባቴ ለአቶ ደግሰው፣ ሰቆጣ።

ከምድር አሸዋ የበዛ ሰላምታዬ ይድረስዎ። እኔ ለጤናዬ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ሥራ አለ። ሰዎቹ ጥሩ ናቸው። ሀገሩ ሰላም ነው። አታስቡ። ለቄስ ምሳው፣ ለወይዘሮ ይታየሽ፣ ለማኅበርተኞቹ በሙሉ ጉልበት ስሜ ሰላም ብያለሁ። ጸሎታችሁ አይለየኝ።

መክሊት በትምህርቷ መበርታቷን ሰምቼ ደስ ብሎኛል። የጠየቃችሁኝን ሲመቸኝ እጽፋለሁ። ወደ አገር ለሚገባ ሰው ቀሚስና ጫማ ሰጥቻለሁ፤ ከአዲስ አበባ በመኪና ይደርሳችኋል። የቤቱ ቆርቆሮ ከጎደለ ይጻፉልኝ። ለፋሲካ እመጣለሁ ያልኩት አልተመቸም። እግዚአብሔር ቢፈቅድ ለመስቀል እመጣለሁ።

ልጅዎ አልጣሽ

ሰቆጣ፣ ሚያዝያ 14 ቀን 1996 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለአልጣሽ።

የትንሣኤው ጌታ ብርሃኑን ያሳይሽ። ደብዳቤሽ በሚካኤል ዕለት ተነበበ። ሰዉም «ተመስገን» አለ። ልጅሽ ግን አንብባ ስትጨርስ አልተቀመጠችም። ወረቀቱን ገልብጣ ጀርባውን አየችው። ባዶ ነበር።

ሰው ከሄደ በኋላ እንዲህ ትለኛለች፦

«አባባ፣ 'ሰዎቹ' ማለት እነማን ናቸው?»

«አሠሪዎቿ ናቸዋ።»

«ስማቸው ማነው?»

«እኔ ምን አውቄ!»

«'ሥራ አለ' ማለትስ ምን ሥራ?»

«ኧረ ልጄ፣ ሥራ ነው፤ ሥራ ሥራ ነው!» ብዬ ተቆጣሁ።

አልጣሽ፣ ቀሚስ ማን ጠየቀሽ? ቆርቆሮስ ማን አለሽ? ቀሚሱ መጥቷል፤ ቁልፉ የሚያብረቀርቅ ነው፤ አንቺ የምታውቂያት የሰባት ዓመት ልጅ ሆና ነውና ከትከሻዋ አላልፍ ብሏል። ይህን ለወቀሳ አልጻፍኩትም። ስጽፈው ግን ወቀሳ ሆነብኝ።

ሌሎቹ ልጆች ተለማምደው ጨርሰዋል። የደርቤ አያት በሰባ ሰባት ሱዳን በእግር የገቡ ናቸው፤ ሽማግሌው በየማታው እየነገሩት ልጁ ሱዳንን ከኔ የበለጠ ያውቃታል። መምህር ብዙነህ መክሊትን «ከሌለሽ ፈጥረሽ ተናገሪ፤ ቲያትር እኮ ነው» ይላታል። ምን እንዳለችው ታውቂያለሽ? «እናቴን ከየት አምጥቼ ልፍጠራት!» ብላ ጥላው ወጣች። መምህሩ ቤቴ ድረስ መጥቶ ነገረኝ። ተቆጥቶ የመጣ መስሎኝ ነበር፤ ልጁ ግን ግራ ተጋብቷል።

እባክሽ ቃል ላኪ። ሌላውን ሁሉ ተይው።

ደግሰው

ሰቆጣ፣ ግንቦት 27 ቀን 1996 ዓ.ም.

አልጣሽ፣

ሰላም ለአንቺ ይሁን። መልስ ሳላገኝ ደግሜ መጻፌ ነው። ፖስታ ቤት ስመላለስ ጸሐፊው ገና ከበር ሲያየኝ «የለም አባባ» ማለት ጀምሯል። በግንቦት ማኅበር ባዶ እጃችንን ተቀመጥን። ይታየሽን ታውቂያታለሽ፤ «ባሕር ማዶ ሲገቡ ብዕር ይከብዳል አሉ» አለች። ዋጥኩት።

አንድ ነገር ልበልሽ፤ ብሳሳት እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ። ሌላ ቤት ሠርተሽ፣ ሌላ ሰው አግብተሽ እንደሆነ በግልጥ ንገሪኝ። ኪዳኑ ሞቷል፤ አንቺ ወጣት ነሽ፤ አልፈርድብሽም። ልጅቷን ግን በ«ደህና ነኝ» አትደልያት።

ደግሰው

ቤሩት፣ ሰኔ 2 ቀን 1996 ዓ.ም.

ለማከብርዎት አባቴ ለአቶ ደግሰው፣

እንዴት ከረሙ? የሚያዝያ ደብዳቤዎ ደርሶኛል። እኔ ለጤናዬ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ሥራ አለ። ሰዎቹ ጥሩ ናቸው። ሀገሩ ሰላም ነው።

አባቴ፣ መክሊት ሌላ ሰው ትምረጥ። በሁመራም በሱዳንም የሄደ ዘመድ ሞልቷል። የኔ ስም በሰው ፊት ምን ይሠራል? የማውቀውን ጽፌያለሁ። ደህና ነኝ ካልኩ ደህና ነኝ ነው። እባክዎ በዚህ ነገር አይጨቅጭቁኝ።

ለማኅበርተኞቹ ሰላም በሉልኝ። ለገና እመጣለሁ።

አልጣሽ

ሰቆጣ፣ ሰኔ 30 ቀን 1996 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለአልጣሽ።

ቸሩ መድኃኔ ዓለም ከነልብሽ ይጠብቅሽ። «ሌላ ሰው ትምረጥ» ያልሽበት ወረቀት የደረሰን የወላጆች ቀን ካለፈ በኋላ ነው። የሆነውን አንድ ሳላስቀር እነግርሻለሁ። ስጽፍ ብትቆጪም አንብቢው።

ከትምህርት ቤቱ ግቢ ዴስክ ገጣጥመው መድረክ ሠርተዋል። መጀመሪያ የወጣው ደርቤ ነው፤ አያቱን ለመሆን የፍየል ጠጉር አገጩ ላይ ለጥፎ። ተከዜን ሲሻገር ጢሙ ወደቀ። ሽማግሌው ከፊት ተቀምጠው «ጢሜን አንሣ እንጂ አንተ!» ብለው ሲጮኹ ግቢው በሳቅ ፈረሰ። ቀጥላ ዓይናዲስ የምትባል ልጅ ሁመራ ሰሊጥ አጨዳ ሄዶ ወባ የያዘውን ወንድሟን ሆና ተንቀጠቀጠች፤ የጤና ጣቢያው ሰውዬ እውነት መስሎት ተነሣ።

ከዚያ መክሊት ተጠራች። የላክሽውን ቀሚስ አልለበሰችም፤ የዘወትር ልብሷን ነው። በማኅበር ቀን እንደምትቆመው ቆመች። ወረቀት የያዘች ይመስል ሁለት እጇን ዘረጋች፤ በእጇ ግን ምንም የለም።

«እኔ አልጣሽ ነኝ» አለች። «ለጤናዬ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ሥራ አለ። ሰዎቹ ጥሩ ናቸው። ሀገሩ ሰላም ነው። አታስቡ። ለፋሲካ እመጣለሁ።»

ይህን ብላ የሌለውን ወረቀት ገለበጠችና ጀርባውን አየች። እንደገና መልሳ ያዘችው።

«እኔ አልጣሽ ነኝ። ለጤናዬ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ሥራ አለ። ሰዎቹ ጥሩ ናቸው። ሀገሩ ሰላም ነው። አታስቡ። ለመስቀል እመጣለሁ።»

አንዱ ከኋላ «የኔዋም ይህንኑ ነው የምትለው!» ሲል ሰው ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። ገለበጠች፣ አየች፣ መልሳ ያዘች። «ለገና እመጣለሁ።» ሳቁ ሳሳ። ደግማ ገለበጠች። «ለፋሲካ እመጣለሁ።» አሁን የሚስቅ የለም። መምህር ብዙነህ እንኳ የያዛትን ፊሽካ ከአፉ ሳያወርድ ደርቆ ቀረ።

በመጨረሻ እጇን አወረደች። «እኔ አልጣሽ ነኝ» አለች፤ «ባሌ ሞተ። ልጄን ለአማቴ ሰጥቼ ሄድኩ። ሌላውን ልጄ አታውቀውም።» ወረደች።

ይታየሽ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጥላ አየኋት። ወደ ቤት ስንመለስ አጠገቤ መጥታ «አያ ደግሰው፣ የኔም ልጅ ከካርቱም እንዲሁ ነው የሚለኝ። ዛሬ ገና ሰማሁት» አለችኝ።

እኔ ግን ተናድጄ ነበር። «እናትሽን በሰው ፊት አዋረድሻት!» አልኳት ልጅቷን።

«ምን ጨመርኩ አባባ? አንድ ቃል ጨምሬያለሁ?»

«አልጨመርሽም፤ ግን...»

«እማዬ ለኔ ጽፋ አታውቅም እኮ። የምትጽፈው ለማኅበሩ ነው።»

ይህ ነገር ልቤ ላይ ተተከለ። እሑድ ቅዳሴ ቆሜ «ልባችሁን ከፍ አድርጉ» ሲባል የኔ ልብ እዚያው ወድቆ ቀረ። ያን የመጀመሪያ ዓመት ደብዳቤሽን አስታወስኩ፤ ዘይት እጅሽን አቃጥሎት የጻፍሽውን። ያን ጊዜ ያነበብኩት ራሴ ነበርኩ፤ ከሰው ፊት ቆሜ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ። ሴቶቹ ሬሳ እንደመጣ ሁሉ ደረት መቱ። ባለቤቴ እታገኝ ነፍሷን ይማረውና መሬት ላይ ወደቀች። ለቅሶው ለአንቺም በወሬ ደርሶሻል። ከዚያ ቀጥሎ የመጣው ደብዳቤ «ደህና ነኝ» ይላል። ከዚያም ወዲህ ያለው ሁሉ።

ይህን ያህል ዓመት ዝም አልሽን ብዬ ተናደድኩ። ልጄ፣ ሰው ሁሉ በተቀመጠበት ማን እውነቱን ይናገራል? እኔስ ለነፍስ አባቴ የምናገረውን በማኅበር መካከል እናገረው ነበር?

ከእንግዲህ ደብዳቤሽ ማኅበር ላይ አይነበብም። ፖስታው ላይ የመክሊትን ስም ጻፊ። እኔም አልከፍተውም።

አባትሽ ደግሰው

ቤሩት፣ መስከረም 22 ቀን 1997 ዓ.ም.

አባቴ፣

ይህችን ቁራጭ መክሊት ትስጥዎት። ሌላ ቤት አልሠራሁም። ሌላ ሰውም የለም። ሲጽፉልኝ አዝኜ ነበር፤ አሁን ትቼዋለሁ። እማማ እታገኝ ከዚያ ደብዳቤ በኋላ ዓመት ሳይሞላት አረፈች ሲሉኝ እኔ የገደልኳት መሰለኝ። «ደህና ነኝ» ብቻ የምለው ስለዚህ ነው። ዕድሜ ይስጥዎ።

አልጣሽ

ለመክሊት፣ ብቻሽን የምታነቢው።

ልጄ፣ ሰላምታውን ዛሬ እንተወው።

የማስታምማት አንዲት አሮጊት አለች። ከኔ በፊት እዚህ የነበረችው ልጅ ስሟ ሮዛ ነበር፤ አሮጊቷ አልጣሽ ማለት አቃታትና እኔንም ሮዛ ትለኛለች። መጀመሪያ ዝም እል ነበር። አሁን አቤት እላለሁ። የምተኛው ልብስ የሚታጠብበት ክፍል ውስጥ ነው፤ ማሽኑ ሲሽከረከር አልጋዬ ይንቀጠቀጣል። ማሽኑ ሲጮህ በአገራችን ቋንቋ በኽምጣና ብቻዬን አወራለሁ፤ ማንም አይሰማኝማ። ባሕሩን የምታስቢ ከሆነ፣ ከመስኮቴ የሚታየው የጎረቤት ግድግዳ ነው። ባሕሩን ያየሁት የመጣሁ ዕለት ነው፤ ሰማይ መስሎኝ ነበር።

ምን አሳቀሽ ብላችሁ ነበር። አሮጊቷ ጥርሷን አውልቃ ብርጭቆ ውስጥ ታሳድራለች። መጀመሪያ ሳየው በሚካኤል ስም አማትቤ ከክፍሉ ሮጥኩ። እሷ ያለ ጥርሷ ስትስቅ እኔም ሳቅኩ። ክፉ ሴት አይደለችም። ስትሞት ግን የት እንደምገባ አላውቅም።

እጄ የተቃጠለው በፊተኛው ቤት ነው። ከዚያ ቤት ሳልሰናበት ወጣሁ፤ ፓስፖርቴ እነሱ ጋ ቀረ። ያለሱ መሄድ አይቻልም፤ ፖሊስ ካገኘኝም ያስረኛል። ለፋሲካ፣ ለመስቀል፣ ለገና ያልኩሽ ሁሉ ምኞቴ ነበር፤ ስጽፈው የሚሆን ይመስለኝ ነበር። መቼ እንደምመጣ አላውቅም፣ መክሊት። አላውቅም ብዬ የጻፍኩት ዛሬ ነው።

ቀሚሱ ልክሽ አለመሆኑን አባባ ጽፈውልኛል። ክርና ሜትር ፈልጊና ቁመትሽን ለክተሽ ላኪልኝ። አሁን ምን ያህል እንደሆንሽ ማወቅ እፈልጋለሁ።

ከወረቀቱ ጀርባ የፈለግሽው ይኸው ነው።

እናትሽ

ሰቆጣ፣ ኅዳር 14 ቀን 1997 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለአልጣሽ።

መንገዱን ሁሉ የሚያውቅ ጌታ ያንቺንም መንገድ ይወቅልሽ። ፖስታው ደርሶ ለባለቤቱ ሰጥቻለሁ። ለኔ የጻፍሽውን ቁራጭም አገኘሁ። እታገኝን የወሰዳት ያንቺ ደብዳቤ አይደለም። ቆላ ጽጽቃ ለቅሶ ወርዳ ወባ ይዛ ተመለሰች፤ ጾም ነው ብላ ምግብም መድኃኒትም እንቢ አለች። እልኸኛ ነበረች፤ ታውቂያታለሽ። ይህን ያኔ ብጽፍልሽ ምን ነበረበት? አልጠየቅሽኝም፣ አልነገርኩሽም፤ ሁለታችንም ለማኅበር ስንጽፍ ከረምን።

ልጅሽ ደብዳቤውን ይዛ ወደ ቀፎዎቹ ሄደች። እዚያ ሰው አይቀርብም፤ ንብ ይፈራል። ብዙ ቆየች። ስትመለስ ፊቷን ታጥባለች። ምን እንዳልሻት አልጠየቅኳትም። እውነቱን ልንገርሽ? ከፍቶኛል። በሽምግልናዬ በቤቴ ውስጥ የማላውቀው ነገር አለ። ማግሥቱን «አባባ፣ ፓስፖርት ሰው ቢወስድ ማን ያስመልሳል?» ብላ ጠየቀችኝ፤ የማውቀው ይህን ብቻ ነው። መምህር ብዙነህን ጠይቄው ነበር፤ አዲስ አበባ የት እንደሚጻፍ አጣራለሁ ብሎኛል። ለማን እንደሆነ አልነገርኩትም። ቁመቷን የለካችበትን ክርም ከዚህ ጋር ልኬልሻለሁ፤ ለምን እንደፈለግሽው አንቺ ታውቂያለሽ።

ከትናንት በስቲያ ዓመታዊው ሚካኤል ነበር፤ ተራውም የኔ ነው። ቤቱ ጢም ብሏል፤ በር ላይ የቆመም አለ። ጽዋው ዞሮ እንዳለቀ ይታየሽ «አያ ደግሰው ከፖስታ ቤት ፖስታ ይዞ ሲወጣ ያየው ሰው አለ! በይ መክሊት፣ ቁሚና አንብቢልን» አለች። እኔ ምን ልበል እያልኩ ስፈራ ልጅቷ ተነሣች። ሁልጊዜ ከምትቆምበት ቆመች። እጇ ባዶ ነው።

«ደህና ነኝ ትላለች» አለችና ተቀመጠች።

ሰው ጠበቀ። ቄስ ምሳው ወደኔ አዩ። ይታየሽ ልጅቷን ትኩር ብላ አየቻት፤ ረጅም ጊዜ አየቻት። ከዚያ ዞር ብላ ሰዉን «ምን ትጠብቃላችሁ? ደህና ናት አላለቻችሁም? ተመስገን በሉ እንጂ!» ብላ ጮኸችበት። ሁሉም ተመስገን አለ። እኔም አልኩ። በጽዋው ፊት ሐሰት ይሁን እውነት እግዚአብሔር ይፍረድ፤ እኔ ግን ልጅቷን አልተቆጣኋትም።

አሁን «ለጤናዬ ደህና ነኝ» ብዬ ልጨርስ ነበር። ደህና አይደለሁም፣ አልጣሽ። ጉልበቴ ደረጃ አላወጣ ብሎኛል፤ ግራ ዓይኔ ሰውን ጥላ አድርጎ ነው የሚያሳየኝ። ለመክሊት አልነገርኳትም። ለአንቺ ብቻ ነው።

አባትሽ ደግሰው